በአዲስ አበባ ዳርቻ ሆኖ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፦ የትኛው ማሠልጠኛ፣ የትኛው መኪና፣ የትኛው ምድብ?

በከተማው ዳርቻ የሚኖር ሰው መንጃ ፈቃድ የሚፈልገው ለጌጥ አይደለም። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሁሉ የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ ያውቀዋል። ማታ ትንሽ ካመሹ ደግሞ ታክሲው ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ መኪና ያለውም የሌለውም ይመዘገባል። አንዱ ሥራ ሊቀጠርበት፣ ሌላው የቤተሰቡን መኪና ሊይዝ፣ ሌላዋ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልታደርስ።

መመዝገቡ ቀላል ነው። በየዋናው መንገድ ዳር የማሠልጠኛ ባነር ተሰቅሏል። የሚከብደው መምረጡ ነው። ምድቡን፣ ማርሹን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መወሰን አለባችሁ። አብዛኛው ሰው ግን ጎረቤቱ የት እንደተማረ ጠይቆ እዚያው ይመዘገባል።

የእኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር። ማሠልጠኛ ስትመርጡ ከዋጋውም፣ ከቅርበቱም፣ ከባነሩም በፊት የምታስቀድሙት አንድ ነገር ይኑር፦ መሪውን በራሳችሁ እጅ የምትይዙበት ሰዓት። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሌላ ለማጅ ሲነዳ ያያችሁበት ሰዓት አይቆጠርም። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የማወዳድረው በዚህ መለኪያ ነው።

የዘመድ መኪና ወይስ ማሠልጠኛ?

መጀመሪያ ይህን እንገላገል። «እሑድ ጠዋት ሜዳ ላይ እኔው አስተምርሃለሁ» የሚል ወንድም ወይም አጎት የሌለው ሰው የለም። ሐሳቡ የደግ ነው። ግን መንገዱ በዚያ አይሄድም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ነው፤ መደበኛው መንገድም ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ተቋም ተመዝግቦ ሠልጥኖ መፈተን ነው። ለማጅ ሆናችሁ መንገድ ላይ የምትወጡት «ለማጅ» የሚል ምልክት ባለበት የማሠልጠኛ መኪና፣ አሠልጣኝ አጠገባችሁ ተቀምጦ ነው።

ከሕጉ ባሻገር የመኪናው ነገር አለ። የማሠልጠኛ መኪና በአሠልጣኙ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለው። የአጎት ቪትዝ የለውም። ለማጅ ደንግጦ ፍሬን መስሎት ነዳጅ ሲረግጥ፣ አጎት ማድረግ የሚችለው የእጅ ፍሬን መሳብና መጮህ ብቻ ነው። ሰው ቢጎዳ ደግሞ ኢንሹራንሱ የከፈለውን ካሳ መንጃ ፈቃድ ከሌለው ሰው መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። እሑድ ጠዋት ባዶ የሚመስለው የኮንዶሚኒየም ሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

የዘመድ መኪና የሚጠቅምበት ቦታ ግን አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ግቢ ውስጥ እንደቆመ ተቀመጡበት። ወንበር አስተካክሉ፣ ስፖኪዮ (የኋላ ማያ መስታወቱን) አስተካክሉ፣ ቀበቶ እሰሩ። ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን) እየረገጣችሁ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ዓይናችሁን ከፊት ሳትነቅሉ አስገቡ። ፍሬቻውን፣ መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሳታዩ እስክታገኙት ድረስ ደጋግሙ። ይህን ቤት የጨረሰ ሰው ማሠልጠኛው ውስጥ የከፈለበትን ሰዓት ማርሽ በመፈለግ አያጠፋም።

የትኛውን ምድብ?

አሁን ምድቦቹ የሚጠሩት በተሽከርካሪው ዓይነት ነው። ሞተር ሳይክል፣ ባለሦስት እግር፣ አውቶሞቢል፣ ሕዝብ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት እያለ ይሄዳል። ሕዝቡና ጭነቱ ደግሞ በውስጣቸው በቁጥር ይከፈላሉ፤ «ሕዝብ 1»፣ «ደረቅ 1» ሲባል የምትሰሙት ይህ ነው። ታላላቆቻችን እስካሁን «ሦስተኛ አለኝ»፣ «አምስተኛ አለኝ» ይላሉ። የድሮው አጠራር ነው፤ ስትመዘገቡ በአዲሱ ተናገሩ።

የቤት መኪና ለመንዳት ብቻ ከሆነ አውቶሞቢል ይበቃል። ዕድሜ 18 የሞላው ሊጀምር ይችላል። ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ማሰብ የሚያስፈልገው ለሥራ ብሎ የሚያወጣ ሰው ነው። በአውቶሞቢል ፈቃድ ሚኒባስ ታክሲ ይዞ ሰው መጫን አይቻልም፤ ለእሱ የሕዝብ ምድብ ያስፈልጋል። አይሱዙ ላይ ለመቀጠር ለምትፈልጉ ደግሞ ደረቅ ጭነት ነው። ለከፍተኛዎቹ ምድቦች ዕድሜውም፣ የትምህርት ደረጃውም፣ የመንዳት ልምዱም ከፍ ይላል። በመተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ድርጅቱ የትኛውን ምድብ እንደሚጠይቅ ከመመዝገባችሁ በፊት ደውላችሁ እወቁ። ገንዘብ ከፍሎ፣ ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ «ይሄ አይሆንም» መባል ያማል።

ባጃጅና ሞተር ዳርቻ ላይ ልዩ ቦታ አላቸው። አያት ጀርባ፣ ለገጣፎ ውስጥ ለውስጥ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ፣ ብዙ ሰው ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ የሚደርሰው በባጃጅ ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣት ቶሎ ገቢ የሚያይበት መንገድም ነው። ግን አንድ ነገር አስቡበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ከ2011 ክረምት ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል። ባጃጆችም በ2015 ለጊዜው ታግደው ነበር፤ ከዚያ በኋላም የሚሠሩባቸው ቦታዎች የተወሰኑ ናቸው። የምትሠሩበት መስመር የከተማውን ወሰን የሚሻገር ከሆነ፣ ፈቃዱ በእጃችሁ ሆኖም መንገዱ ሊዘጋባችሁ ይችላል። አቅሙ የሚፈቅድለት ሰው አውቶሞቢል ቢያስቀድም እመክራለሁ። ባጃጅ ነገ ዕለት እንጀራ የሚሆነው ሰው ግን ባለሦስት እግሩን ያውጣ፤ አውቶሞቢሉ ኋላ ይደርሳል።

አዲስ አበባ ወይስ ሸገር?

ይህ የዳርቻ ነዋሪ ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ሸገር ከተማ በሚል ተጠቃለው በኦሮሚያ ክልል ሥር ናቸው። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሠፈር ደግሞ የአዲስ አበባ ነው። አንድ ታክሲ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች መታወቂያቸው ከሁለት አስተዳደር ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱን በተመለከተ አትስጉ። አዋጁ የፌዴራል ነው። በአንዱ ክልል በሕጋዊ መንገድ የወጣ መንጃ ፈቃድ በመላ አገሪቱ ይሠራል። «የሸገር ፈቃድ ከተማ ውስጥ አይሠራም» የሚለውን ወሬ አትስሙ።

ልዩነቱ ያለው ጉዳያችሁ የሚጨረስበት ቢሮ ላይ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ፈተናውንና ፈቃዱን የሚይዘው የከተማው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው፤ ቅርንጫፎች አሉት። በሸገር በኩል የኦሮሚያ ትራንስፖርት መዋቅር ነው። የነዋሪነት መታወቂያችሁ ካለበት በኩል መመዝገቡ ነገሩን ያቀልላል። ነገ ፈቃድ ስታድሱ፣ ቢጠፋባችሁ ምትክ ስታወጡ፣ ምድብ ስታሳድጉ ፋይላችሁ ካለበት ቢሮ ነው የምትመላለሱት። ለገጣፎ ተመዝግቦ ወደ ጀሞ ቤት የቀየረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ቋንቋም አንድ ጉዳይ ነው። ትምህርቱና የጽሑፍ ፈተናው በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ ጠይቁ። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው በዚያ ቢማር ይቀለዋል፤ በአማርኛ የተማረም እንዲሁ። የሚናገሩትን ቋንቋ ሁሉ በፈተና ፍጥነት ማንበብ ይቻላል ማለት አይደለም።

ሰነዱ ላይ ብዙ አልቆይም። የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የጤና ምርመራ። ዓይናችሁ ከተጠራጠራችሁ ምርመራውን ከክፍያ በፊት አድርጉት። መነጽር የሚያስፈልገው ሰው መነጽሩን አሠርቶ ቢጀምር ልምምዱም ይሠምርለታል። በመታወቂያችሁና በትምህርት ማስረጃችሁ ላይ የስማችሁ ፊደል የማይመሳሰል ከሆነም ቀድማችሁ አስተካክሉ። ብዙ ሰው የሚጉላላው በዚህ ነው።

ቤት አጠገብ ወይስ መሀል ከተማ?

ሥራቸው መሀል ከተማ የሆነ ብዙዎች መገናኛ ወይም ሳሪስ አካባቢ ይመዘገባሉ። ከሥራ ወጥተው ሊሠለጥኑ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ትራፊክ መብራት፣ የእግረኛ መሻገሪያ፣ ጥቅጥቅ ያለ አደባባይ ከመጀመሪያው ትለምዳላችሁ። ጉዳቱ ደግሞ የመኪና ጭንቅንቁ ነው። የአንድ ሰዓት ልምምድ ውስጥ ግማሹን ቆማችሁ ልታሳልፉት ትችላላችሁ። ፍሪሲዮን ረግጦ መቆም መንዳት አይደለም።

ዳርቻ ላይ መንገዱ ሰፋ ይላል፤ ጠዋት ማልዶ ለወጣ ባዶም ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ትነዳላችሁ። ለጀማሪ እጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዳርቻውም ሁሉ አንድ አይደለም፤ አቅጣጫውን እዩ።

በቃሊቲና አቃቂ መስመር የሚሠለጥን ሰው ከከባድ መኪና ጋር ይጋፋል። የጅቡቲ መስመር ተሳቢዎች የሚወጡትና የሚገቡት በዚያ ነው። አስፈሪ ቢሆንም የሚያስተምረው ነገር ብዙ ነው። ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላው አካል ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ ሾፌሩ በስፖኪዮ የማያየው ቦታ እንዳለ እዚያ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን አይሆንም። ጥሩ አሠልጣኝ መጀመሪያ ውስጥ ለውስጥ ወስዶ፣ እጃችሁ ሲረጋ ነው ዋናው ላይ የሚያወጣችሁ።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ ከአዲሱ ገበያም ወደ ሱሉልታ ያለው መስመር ዳገትና ቁልቁለት ነው። ክረምት ላይ ጭጋጉ ይጨመርበታል። በቡራዩ በኩልም ዳገቱ አለ። ዳገት ያለበት አካባቢ የሠለጠነ ሰው ሜዳ ላይ ብቻ ከሠለጠነው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ፈተና ላይ ብዙውን ሰው የሚጥለውም፣ ከፈተና በኋላም የሚያስጨንቀው ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ነው።

ትንሽ ላስረዳው። ዳገቱ ላይ ቆማችኋል። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል፣ አንደኛ ማርሽ ገብቷል። ግራ እግራችሁ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጧል። አሁን ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የመኪናው አፍንጫ በትንሹ ቀና ይላል፣ መሪው በመዳፋችሁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እዚያች ቦታ ላይ ግራ እግራችሁ ይቁም። ከዚያ በላይ እንዳይለቅ፣ መልሶም እንዳይረግጥ። ቀኝ እግራችሁ ነዳጅ ጨመር ያድርግ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። መኪናው ወደኋላ ሳይንሸራተት ይወጣል። ሞተር የሚጠፋበት ሰው ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ቸኩሎ ፍሪሲዮኑን የለቀቀ ነው። ይህን በቃል አሥር ጊዜ ከመስማት ዳገቱ ላይ ደጋግሞ መሞከር ይሻላል። ስለዚህ ማሠልጠኛውን «ዳገት የት ነው የምታለማምዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦታውን በስም መናገር ካልቻሉ ተጠራጠሩ።

በለገጣፎና በሰበታ በኩል ደግሞ ከብት፣ አህያና ጋሪ መንገድ ይጋራሉ። በበዓል ሰሞን በጉም ይጨመራል። ክላክስ አስደንግጦ ወዴት እንደሚያስሮጣቸው አይታወቅም። ፍጥነት መቀነስና ርቀት መጠበቅን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ቦታ የለም።

እንደ መጨረሻ ቃል ካልያዛችሁብኝ የምመክረው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ቤታችሁ አጠገብ፣ ሰፊው መንገድ ላይ ጀምሩ። ማብቂያው ላይ ግን አሠልጣኙ ወደ ከተማው ይዟችሁ እንዲገባ ከምዝገባው ቀን ጀምራችሁ ተስማሙ። አንዳንዱ ማሠልጠኛ ነዳጅ ለመቆጠብ ከአንድ ሜዳና ከአንድ መንገድ አይወጣም። እንዲህ ካለው ራቁ።

ማኑዋል ወይስ ኦቶማቲክ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ጥያቄ አልነበረም። ሁሉም ማርሹ በእጅ በሚቀየረው በማኑዋል ነበር የሚማረው። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ መንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በየቀኑ እየበዛ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም። ቤተሰባችሁ የሚገዛው መኪና እሱ ከሆነ «ማኑዋል ለምን እማራለሁ?» ማለታችሁ ተገቢ ነው።

ኦቶማቲክ ቶሎ ይለመዳል። በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ላሉና እግራቸው ለሚያማቸው በጣም ይረዳል። ሁለት እጅና አንድ እግር ነው ሥራው። ሐሳባችሁ ሁሉ መንገዱ ላይ ይሆናል። እማማ ወይም አባባ ፈቃድ ማውጣት ቢፈልጉ በማኑዋል አታስጨንቋቸው።

ለወጣትና ለሥራ ፈላጊ ግን ማኑዋሉን እመክራለሁ። ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ በአብዛኛው አሁንም ማኑዋል ነው። በማኑዋል የለመደ ሰው ኦቶማቲክ ላይ ሲቀመጥ ብዙም አይቸገርም። በኦቶማቲክ ብቻ የለመደ ሰው ግን ማኑዋል ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል። በኦቶማቲክ ለመፈተን ካሰባችሁ ደግሞ ፈቃዱ ላይ ምን ገደብ እንደሚጻፍ ከማሠልጠኛው ብቻ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ ጠይቁ።

ርካሹ ወይስ ውዱ?

ዋጋ ስታወዳድሩ የምዝገባውን ብቻ አትስሙ። ሁለት ማሠልጠኛ የተለያየ ዋጋ ሲነግሯችሁ፣ አንዱ ሁሉን ጨምሮ፣ ሌላው ግማሹን ትቶ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ፣ የፈተና ክፍያው፣ ለፈተና ቀን መኪና የምትከራዩበት፣ ብትወድቁ የድጋሚው፣ ተጨማሪ ሰዓት ብትፈልጉ የሰዓቱ ሒሳብ። ሁሉን ደምራችሁ፣ ከዚያ መሪ በምትይዙበት ሰዓት አካፍሉት። ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይወጣል። የከፈላችሁበትን ሁሉ ደረሰኝ ያዙ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሄዶ ማየት ነው። ቢሮውን አይደለም፤ ቢሮው ሁሌም ያምራል። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ መለማመጃ ቦታቸው ሄዳችሁ ዳር ላይ ቁሙ። አንድ መኪና ውስጥ ስንት ለማጅ አለ? ከኋላ ሦስት ሰው ተደርድሮ አንዱ ብቻ የሚነዳ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት የተባላችሁት በእውነቱ ሩብ ሰዓት ነው። አሠልጣኙ ስልክ ላይ ነው ወይስ መንገዱ ላይ? ሲሳሳቱ ይጮሃል ወይስ መኪናውን አስቁሞ ያስረዳል? የሚጮህ አሠልጣኝ ለማጁን ያደነዝዘዋል። የደነገጠ ሰው መሪ ጨምድዶ ይይዛል፣ ስፖኪዮ አያይም።

መኪናውንም እዩት። ጎማው ጥርስ አለው? የሁለቱም ጎን ስፖኪዮ ሙሉ ነው? የሾፌሩ ቀበቶ ይሠራል ወይስ ለስም ተንጠልጥሏል? የአሠልጣኙ ፍሬን በደንብ ይረገጣል? ጊዜ ካገኛችሁ ከልምምድ የወረደችውን ልጅ «ስንት ደቂቃ ነዳሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከባነሩ ይልቅ እውነቱን የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ሌላ ጉዳይ አለ። ሴት አሠልጣኝ ያለው ማሠልጠኛ አለ ወይ የሚል ነው። በአንዳንዱ አለ። ለእናንተ የሚቀልላችሁ ከሆነ ያለበትን ፈልጉ፤ ያላግባብ ንግግር የሚያበዛ አሠልጣኝ ካጋጠማችሁም «ይቀየርልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ከፍላችኋል።

ጠዋት፣ ማታ ወይስ ቅዳሜ?

ጠዋቱ ይሻላል። መንገዱ ባዶ ነው፣ አሠልጣኙም አልደከመም። የቅዳሜና እሑዱ ለሠራተኛ ይመቻል፤ ግን በሁለቱ ልምምድ መሀል ሳምንት ይገባና እጅ ይረሳል። ምርጫ ከሌላችሁ ቅዳሜም እሑድም አከታትሉት። ማታውን ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት በቀን ይጠይቅ።

ወቅቱን በተመለከተ ክረምት ላይ ተማሪው ዕረፍት ስለሆነ ማሠልጠኛው ይሞላል፣ ወረፋውም ይረዝማል። ለልምምድ ግን ዝናቡ ክፉ አይደለም። እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚረዝም አሠልጣኝ አጠገባችሁ እያለ ማየት፣ ኋላ ብቻችሁን ሆናችሁ ከማየት ይሻላል።

የጽሑፍ ፈተናው፦ ክፍል ገብቶ ወይስ በቴሌግራም?

የጽሑፍ ትምህርቱ የትራፊክ ደንቡን፣ የተሽከርካሪ ቴክኒክን፣ የአሽከርካሪ ሥነ ባህርይን ይይዛል። ቴሌግራም ላይ የጥያቄ ክምር ሞልቷል፤ ብዙው ለማጅ ክፍሉን ፈርሞ ወጥቶ ያንን ይሸመድዳል። ጥያቄዎቹ ራስን ለመመዘን ጥሩ ናቸው። መልሳቸው ስህተት የሆነ ግን አያለሁ። የቃላት አደራደሩ ትንሽ ሲቀየርም የሸመደደው ሰው ይጠፋበታል።

ምልክቶቹን በቅርጻቸው ተረዷቸው። ሦስት ማዕዘኑ ያስጠነቅቃል። ቀይ ክቡ ይከለክላል። የተገለበጠው ሦስት ማዕዘን ቅድሚያ ስጥ ነው፤ ስምንት ማዕዘኑ ቁም ነው። ስምንት ማዕዘኑና የተገለበጠው ሦስት ማዕዘን ቅርጻቸው ከሌላው የተለየው በጭቃ ተሸፍነውም፣ ከጀርባም እንዲታወቁ ነው። አንዴ እንዲህ የገባው ሰው መሸምደድ አያስፈልገውም። አደባባይም እንዲሁ፦ ቅድሚያው ቀድሞ ውስጥ ለገባው ነው። ይህን ወረቀት ላይ መልሶ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ አፍንጫውን የሚያስገባ ሰው ፈተናውን ያለፈው በወረቀት ብቻ ነው።

«እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚለው ሰው

ሳይሠለጥኑ፣ ሳይፈተኑ ፈቃዱን የሚያመጣ ደላላ ይመጣባችኋል። ይህን እንደ አማራጭ አልቆጥረውም። ወንጀል ነው። ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘ ፈቃድ የያዘ ሰው ገንዘቡንም ፈቃዱንም አጥቶ ይከሰሳል። ከዚያ በላይ ግን መኪና የማያውቅ ሰው መኪና ይዞ ይወጣል። ዳርቻው መንገድ ላይ የእግረኛ መንገድ የሌለበት ብዙ ቦታ አለ። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲወጡ በአስፋልቱ ጠርዝ ነው የሚሄዱት። ያ መኪና የሚገባው በማን ላይ እንደሆነ አስቡት።

ብትወድቁስ?

የሚወድቅ ብዙ ነው። ወዲያው ለድጋሚ አትሩጡ። መጀመሪያ በምን እንደወደቃችሁ ፈታኙን ወይም አሠልጣኙን ጠይቁ። ፓርኪንግ ነው፣ ዳገት ነው፣ ወይስ ፍሬቻ ሳታሳዩ ታጥፋችሁ? ለዚያች ለወደቃችሁባት ብቻ ተጨማሪ ሰዓት ግዙ። አጠቃላይ ልምምዱን እንደገና መክፈል አያስፈልግም፤ ማሠልጠኛው «እንደገና ተመዝገብ» ቢል በሰዓት የሚያስከፍል ሌላ ፈልጉ።

ካለፋችሁ በኋላም ቢሆን ጥቂት ሰዓት ከአሠልጣኙ ጋር ብትጨምሩ ገንዘቡ አያስቆጭም። በዚህ ጊዜ ሜዳው ይቅርና የራሳችሁን መንገድ ንዱ። ከቤታችሁ እስከ መሥሪያ ቤታችሁ፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ጭንቅንቅ። የቱ ላይ መስመር መያዝ እንዳለባችሁ፣ የቱ አደባባይ በየትኛው በኩል እንደሚወጣ፣ የት እንደምታቆሙ አብራችሁ እዩ። ወደ አዳማ የሚወስደውን የክፍያ መንገድ ግን ለጊዜው ተዉት። ፍጥነቱ ለአዲስ እጅ አይሆንም፤ መጀመሪያ ልምድ ካለው ሰው ጋር በቀን፣ በደረቅ አስፋልት ውጡበት።